ፒስቶል ስኳት ላይ ወደ ኋላ ለምትወድቀው

ወንድሜ፣ በሁለት እግር 40 ስኳት (ቁጭ ብድግ) እየሠራህ፣ ፒስቶል ስኳት ላይ፣ ማለትም አንዱን እግር ወደ ፊት ዘርግተህ በሌላው ብቻ ስትወርድ ግን ግማሽ ላይ ወደ ኋላ እንደምትወድቅ ጽፈሃል። እግሬ ደካማ ነው ወይ ብለህም ጠይቀሃል። አይመስለኝም። እኔም እዛው ላይ ተቸክዬ ወራት ቆይቻለሁ። ጥንካሬ ነው የጎደለኝ ብዬ ስኳት ላይ ስኳት ስደራርብ ከረምኩ፤ ለካ ችግሩ ቁርጭምጭሚቴ ነው።

እስቲ አሁኑኑ ሞክረው። ጫማህን አውልቅና ግድግዳ ፊት በአንድ ጉልበት ተንበርከክ። የፊተኛው እግርህ አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህ ግድግዳውን ይነካል? ካልነካ እንቅፋትህ ቁርጭምጭሚትህ ሳይሆን አይቀርም። ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ጉልበት ወደ ፊት አይሄድም፣ ጉልበት ካልሄደ ደግሞ ክብደትህ ከተረከዝህ ኋላ ይቀራል፣ ያኔ የብረት እግር ቢኖርህም ትወድቃለህ። ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ የሚሉትን እዚህ ላይ አትስማ፤ ማለፍ አለበት።

ቁርጭምጭሚቱ እስኪላላ ድረስ እኔ ተረከዜ ስር ስስ ጣውላ አደርግ ነበር። ሁለት ኪሎ የሚሆን ነገርም በሁለት እጄ ወደ ፊት ዘርግቼ እይዛለሁ። ክብደት ተጨምሮ ይቀላል ሲባል ግራ ያጋባል፣ ግን ሚዛንህን ወደ ፊት ስለሚስበው እውነትም ይቀላል።

ከዛ ወንበር። በአንድ እግር 5 ሰከንድ እየቆጠርክ ቀስ ብለህ ተቀመጥ፣ መጀመሪያ አካባቢ በሁለት እግር ብትነሳም ችግር የለውም። መጨረሻው ላይ ዘጭ ካልክ ወንበሩ ገና ዝቅ ብሎብሃል፣ ከፍ ያለ ፈልግ። እየለመድከው ስትሄድ ቁመቱን ቀንስ። በእያንዳንዱ እግር 5 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት ሁለቴ በቂ ነው። ሁሌም በደካማው እግር ጀምር፣ ጠንካራው ከሱ በላይ እንዳይሠራ።

የተዘረጋው እግርህ ጭን ከላይ ጭምድድ ሊልብህ ይችላል፣ ያ ያልለመደ ጡንቻ ነው፣ አትደንግጥ። ጉልበትህ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን አቁም። እኔ ቸል ብዬው ከጉልበቴ ሎሚ በታች ስላመመኝ ደረጃ መውረድ እስኪያቅተኝ ደርሼ ሦስት ሳምንት አቋርጫለሁ። ስትወርድም ስትነሳም ጉልበትህ በመሀል ጣቶችህ አቅጣጫ ይሂድ።

ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህ ግድግዳውን ሲነካ አውራ ጣትህ ከግድግዳው ቢበዛ ስንት ሴንቲ እንደሚርቅ ጻፍልኝ፣ የሁለቱንም እግር ለየብቻ።