ጥቁሩ ወይን ጠጅ ከሆነ ክሌዩን አትውቀሺ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ ከፖሊመር ክሌይ የአንገት ጌጥና ጉትቻ እሠራለሁ። የድሮ ፎቶ ወረቀት ላይ አሳትሜ ጥሬው ነጭ ክሌይ ላይ እለጥፍና ወረቀቱን በውሃ እያራስኩ በጣቴ ፈትጌ አነሳዋለሁ። ዓምና በቢሮ ኮፒ ማሽን እያስባዛሁ ስሠራ ሁሉም ይሳካልኝ ነበር። ዘንድሮ የራሴን ፕሪንተር ገዛሁ፤ ሌዘር ነው ተብዬ ነው የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳስነካው ጥቁሩ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ የሰዎቹ ፊት ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ላዩ ላይ ነጭ ጉም ይቀራል። ጓደኛዬ አሴቶን ቀቢው አለችኝ፤ ባሰበት። የተረፈውን ላድን ብዬ የፀጉር ስፕሬይ ነፋሁበት፣ በላዩ የጥፍር ቀለም ደረብኩበት፤ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አሁንም ይጣበቃል። ሙቀት አንሶት ይሆን? ኦቨኑን 180 ላድርሰው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ 180 እንዳታደርሺው። ፖሊመር ክሌይ ስሙ ነው እንጂ አፈር አይደለም፤ ፒቪሲ ነው፣ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ። አብዛኛው እንደየዓይነቱ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይበስላል፤ ትክክለኛው ቁጥር ማሸጊያው ላይ አለልሽ። ሙቀቱ ወደ 175 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ማረር ብቻ አይደለም፤ ፒቪሲው ራሱ መፈራረስ ይጀምርና ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባ ይጎዳል። የሥዕል ችግር በሙቀት አይታከምም።

አሁን ወደ ፕሪንተርሽ። «ጥቁሩ ወይን ጠጅ ይሆናል» የሚለው ላይ ስደርስ ቀሪውን ደብዳቤ ማንበብ አላስፈለገኝም ማለት ይቻላል። ሻጩ ምንም ይበልሽ፣ የገዛሽው ሌዘር አይደለም፤ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ነው። ኢንክጄት ፎቶ ሲያትም ጥላውንና ጥቁሩን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሌሎቹን ቀለሞች ደባልቆ ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ድብልቁ ይፈታና ሮዙ ወዲህ፣ ሰማያዊው ወዲያ ይሄዳል። የሌዘር ጥቁር ውሃ ውስጥ ቢያድርም ጥቁር ነው። ዛሬ ዛሬ ትልቅ መስሎ የታየ ፕሪንተር ሁሉ «ሌዘር» ተብሎ ይሸጣል፤ በጎኑ ቀለም የሚሞላበት ገንዳ ያለውን ሳይቀር ሌዘር ነው ብለው ያመጡልኝ ሰዎች አሉ።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ገጽ አትሚና ደህና አድርጎ ሲደርቅ እርጥብ ጣትሽን ጎትቺበት። ከፈሰሰ አለቀ፤ ኢንክጄት ነው። ካልፈሰሰ ግን ገና አትደሰቺ፤ ውሃ የሚችል ጥቁር ያላቸው ኢንክጄቶችም አሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጋደል አድርጊው፦ የሌዘር ኅትመት ጥቁሩ ቦታ ላይ ለስለስ ያለ አንጸባራቂነት አለው፣ በጥፍርሽ ስትዳስሺውም ከወረቀቱ ከፍ ያለ ሆኖ ይሰማሻል። በማጉያ መነጽር ካየሽው ከፊደሉ ጠርዝ ውጭ የተበተኑ ጥቃቅን የዱቄት ነጥቦች ታያለሽ። የኢንክጄት ጠርዝ ደግሞ ወደ ወረቀቱ ጭረት እየሰረገ የሸረሪት እግር ያበቅላል።

ለምን ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ የቸኮለ ሁለት አንቀጽ ይዝለል። የኮፒ ማሽኑን መንገድ የጀመረው ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የመጀመሪያዋን ምስል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነበር። በኋላ የወጣለት ስም ዜሮግራፊ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ደረቅ ጽሕፈት» ማለት ነው፤ ቁልፉም ያ «ደረቅ» የሚለው ቃል ነው። ቶነር ቀለም የተቀላቀለበት የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ማሽኑ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ስበት ወረቀቱ ላይ ያስቀምጠውና ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ትኩስ ሮለር አቅልጦ ይደፈጥጠዋል። ሌዘር ፕሪንተርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የሌዘር ኅትመት ስትይዢ የያዝሽው ወረቀት ላይ የተኛ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ወረቀቱ አልጠጣውም። የኢንክጄት ቀለም ግን በውሃ የቀጠነ ነው፤ ገና ሲነካው የወረቀቱ ጭረት ይመጠዋል።

ወደ ክሌዩ እንምጣ። ፒቪሲ ብቻውን እንደ ቧንቧ ደረቅ ነው። እጅሽ ላይ እንዲለዝብ የሚያደርገው ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው፤ ፕላስቲሳይዘር ይሉታል፣ እኔ ማለዘቢያ እለዋለሁ። ክሌዩ ጥሬ እስከሆነ ድረስ ይህ ፈሳሽ አርፎ አይቀመጥም፤ ያገኘውን ፕላስቲክ ሁሉ ሊያለዝብ ይሄዳል። ጥሬ ክሌይ ወረቀት ላይ ካሳደርሽ ዙሪያውን የዘይት ክብ ይሠራል። ጠንካራና እንደ መስታወት ጥርት ባለ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከረሳሽው ደግሞ የሣጥኑ ወለል ይሟሟና ሁለቱ አንድ ላይ ይጣበቃሉ፤ እኔ በዚህ ዓይነት ሦስት ሣጥን ጥያለሁ። እንግዲህ ቶነሩን በፊቱ ክሌዩ ላይ ስትደፊው የሚሆነው ይኸው ነው፤ ማለዘቢያው ቶነሩን ያለዝበዋል፣ ቶነሩ ወረቀቱን እየለቀቀ ክሌዩን ይይዛል። ሥራው እዚያው በጭለማ አለቀ። ውሃው ሥዕል አያስተላልፍም፤ ወረቀት ያነሳል እንጂ። አንቺ ጋ ግን ማለዘቢያው የሚያለዝበው ፕላስቲክ የለም፣ ቀለሙ ወረቀቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ውሃ ስታመጪ ታጥቦ ሄደ። ያ የሚጣበቀው የጥፍር ቀለምሽም የዚሁ ፈሳሽ ሥራ ነው። ክሌዩ ከበሰለ በኋላም ማለዘቢያው ውስጡ ነው ያለው፤ ላዩ ላይ ያረፈውን የጥፍር ቀለም ከታች እያለዘበው ነው። ሦስት ሳምንት አይደለም ሦስት ወር ብትጠብቂው አይደርቅም። አንዳንዱ ከጣሳ የሚነፋ ቫርኒሽም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የዓምናውን የኮፒ ማሽን ፈልጊ። የሚያስባዛልሽ ሰው ቀለሙን ከፍ እንዲያደርገው ንገሪው፤ ቶነር በበዛ ቁጥር የሚሻገረው ይበዛል። ርካሽ ቶነር በድጋሚ የተሞላበት ማሽን ግራጫና ሳሳ ያለ ነገር ያወጣል፤ እሱን ይዘሽ አትምጪ፣ ጊዜሽን ነው የሚበላው። የሌዘር ኅትመት ሁሉ እኩል እንደማይሻገርም እወቂ። ቶነሩ ላይ ሰም የሚጨምሩ አሉ፣ አንዳንዱም ክሌዩን አልይዝ ይላል፤ ሙሉ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በጥራጊ ክሌይ ሞክሪው። ስስ ተራ ወረቀት ይሁን፤ ወፍራም ወረቀት ለመፈተግ ያደክማል።

ክሌዩን ደህና አድርገሽ አሺውና 3 ሚሊሜትር ያህል አድርገሽ ለስላሳ ሴራሚክ ላይ ዳምጪው፤ ሴራሚኩን ነክሶ ይያዝ፣ እስኪበስል ድረስም አታንሺው። እንዳይጣበቅ ብለሽ ስታርች ወይም ፓውደር ከነሰነስሽበት ቶነሩና ክሌዩ አይገናኙም። ሲታሽ የሚፈረፈር አሮጌ ወይም ስም የለሽ ርካሽ ክሌይም አይሆንም፤ ማለዘቢያው አልቆበታል። ኅትመቱን በፊቱ ድፊው፤ አንዴ ካረፈ ለማስተካከል አትጎትቺው። ከመሃል ወደ ዳር በመዳመጫ፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ሂጂበት። አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ በኋላ ነጭ ቀዳዳ ሆኖ ይታይሻል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዪው፤ እኔ ሁለት ሰዓት እተዋለሁ።

ከዚያ የወረቀቱን ጀርባ አርሺው፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ በጣትሽ ጫፍ ቀስ እያልሽ አሽከርክሪው። በጥፍር አይደለም። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ይነሳል። ያ ነጭ ጉም ያልሽው ሳይነሳ የቀረ የወረቀት ጭረት ነው፤ እርጥብ ሳለ አይታይም፣ ሲደርቅ ብቅ ይላል። መድኃኒቱ ማድረቅ፣ ማየት፣ እንደገና ማራስ ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የምትቀረዋን እጅግ ስስ ጉም ተያት፣ ቫርኒሹ ይውጣታል፤ እሷን አነሳለሁ ያለ ሰው አፍንጫና ዓይን አብሮ ያነሳል።

ሲጋገር ውሃው ጨርሶ የደረቀ ይሁን፤ ጠብታ ከቀረ ያብጣል። ከነሴራሚኩ አስገቢው፣ ላዩን በአሉሚኒየም ፎይል ድንኳን አልብሺው። ለ6 ሚሊሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ የሚለው የብዙዎቹ ክሌዮች ልክ ነው፤ ያንቺ ስስ ቢሆንም 30ውን ስጪው። የኦቨኑን ቁልፍ ደግሞ አትመኚው። ትንንሾቹ ርካሽ ኦቨኖች 130 ላይ አቁመሻቸው 160 እና 170 ሲደርሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ግዢ፤ ክሌይ የሚጋግር ሰው ያለ እሱ ባይጀምር እመርጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ «ትንሽ ልጨምርለት» የሚባል ነገር የለም። ክሌዩ ሲጠቁር ካየሽ ወይም የሚኮረኩር ሽታ ከመጣ ኦቨኑን አጥፊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ከክፍሉ ውጪ። በሩን ከፍቶ አጎንብሶ ማሽተት አይደረግም።

የተበላሹትን አትጣያቸው። የተጣበቀውን የጥፍር ቀለም በስለት ፋቂው፤ የቀረውን ውሃ ውስጥ እያደረግሽ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። በደረቁ አይሆንም፤ ብናኙን ትተነፍሺዋለሽ። ነጩ ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ስስ ፈሳሽ ክሌይ ቅቢና በላዩ ስስ የጥሬ ክሌይ ንጣፍ ደርበሽ እንደ አዲስ ሥሪበት። የበሰለ ክሌይ በልኩ ሙቀት ደግሞ ቢጋገር አይከፋውም። ወደ አሴቶን ግን አትመለሺ፤ ቶነር ያሟሟል፣ ክሌዩንም ከላይ አብሮ ያሟሟል፣ ያንቺን ዓይነት ቀለም ደግሞ ከማልከስከስ አያልፍም። ጓደኛሽ እንጨት ላይ ሲሠራበት አይታ ይሆናል። አሴቶን የነካው ነገር ተኖ ሳያልቅም ኦቨን አጠገብ አይድረስ፤ እንፋሎቱ እሳት ይይዛል።

ለሽፋን በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ወይም የፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ተጠቀሚ፤ ሁለት ስስ እጅ ይበቃል። ማንኛውንም አዲስ ቫርኒሽ በበሰለ ጥራጊ ላይ ቀብተሽ ሳምንት አቆዪውና በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ አሻራሽ ከቀረበት አይሆንሽም።

አዲሱ ፕሪንተር ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ለኢንክጄት የሚሆን ቲሸርት ላይ በካውያ የሚጫን ማስተላለፊያ ወረቀት አለ፤ ለነጣ ያለ ጨርቅ የሚባለውን ነው የምትፈልጊው። ላዩ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ቶነሩ ይሠራው የነበረውን ይሠራልሻል። አትመሽ በፊቱ ጥሬው ክሌይ ላይ ጫኚው፤ ከነወረቀቱ በክሌዩ ልክ ሙቀት 10 ደቂቃ ያህል አስገቢው፣ ገና ትኩስ ሳለ ላጪው፣ ቀሪውን ጊዜ ጨርሺለት። እዚህ ላይ ውሃ የሚባል የለም። ይህን ወረቀት ኮፒ ማሽን ውስጥ ግን እንዳታስገቢ፤ ያ ትኩስ ሮለር ላይ ይቀልጣል። እኔ አንድ ጊዜ በጥድፊያ አስገብቼ ሙሉ ሮለሩን አስቀይሬያለሁ።

በሁለቱም መንገድ ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው። ከፎቶዎቹ አንዱ ጥግ ላይ ጽሑፍ ካለበት፣ ከማተምሽ በፊት እንደ መስታወት ግልባጭ አድርጊው።