«ዶክተር ብለህ ጻፍልኝ» ቢሉኝ ልጻፍ?

የምረቃ ሰሞን ደሴ ሌላ ከተማ ትመስላለች። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ባነር ነው፣ ፎቶ ቤቱ ሁሉ ጋዋን ያከራያል፣ አበባ አይቀመስም። ደብዳቤዎቻችሁም ወቅቱን ይዘው መጥተዋል። ማን ነው ፕሮፌሰር፣ ማን ነው የክብር፣ ኤመረተስ የሚሉት ነገርስ ምንድን ነው? በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ የማከብራቸው ነጋዴ መጡና ስማቸው ላይ «ዶ/ር» ጨምሬ ካርድ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት አግኝተዋል። ወረቀቱንም አሳይተውኛል፣ ወርቃማ ማህተም አለው። ልሥራላቸው ወይስ ነገር አለው?
(ከደሴ)

መልስ፦ ሥራላቸው ወንድሜ። ግን ከ«ዶ/ር» ፊት «የክብር» የምትለዋን አስገባባት። ፊደሏ አራት ናት፣ ካርዱ ላይ ቦታ አትፈጅም።

የክብር ዶክትሬት ስጦታ ነው። ፈተና የለውም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የለውም፣ ሌሊት የሚያስለቅስ አማካሪ የለውም። ዩኒቨርሲቲው «በሥራህ አገር ጠቅመሃል፣ አክብረንሃል» ይላል፣ በቃ። ስለዚህ በአብዛኛው ዓለም ያለው ልማድ ተሸላሚው ስሙ ፊት «ዶ/ር» እንዳይለጥፍ ነው። የሕይወት ታሪኩ ላይ «ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተበርክቶለታል» ብሎ መጻፍ ግን ያምርበታል። ናይጄሪያ ውስጥ ነገሩ ልጓም ስላጣ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ኬፊ ከተማ ተሰብስበው የክብር ዲግሪ ያገኘ ሰው «ዶ/ር» ተብሎ እንዳይጠራ፣ ሥልጣን ላይ ላለ ባለሥልጣንም እንዳይሰጥ ተስማምተው ነበር። መስማማት ሌላ፣ መፈጸም ሌላ ነው እንጂ።

በእርግጥ ይህ ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከ10 ዓመቱ በኋላ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ግን በመብረቅና በኤሌክትሪክ ሥራው ስሙ ገነነና የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1759 የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዕድሜ ልኩን «ዶክተር ፍራንክሊን» ተባለ። የእኛው ጥላሁን ገሠሠም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካገኘ በኋላ «የክብር ዶክተር» ሲባል ኖሯል፣ ማንም ጉሮሮ ሐኪም ነው ብሎ አልተሳሳተም። በንጉሡ ዘመንም ቀኛዝማች የተባለ ሁሉ የቀኝ ጦር አልመራም፤ ሰውም ያውቀው ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ማዕረጉና እንጀራው ሲነካኩ ነው። ሰውየው እህል ነጋዴ ከሆኑ «ዶ/ር» ማንንም አይጎዳም፣ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል እንጂ። መድኃኒት የሚሸጡ፣ ክሊኒክ ወይም ኮሌጅ የከፈቱ ከሆነ ግን ካርዱን የሚያይ ሰው ይታለላል። ያኔ «ይቅርታ ጋሼ፣ እንዲህ አልሠራም» በል። የወርቃማውን ማህተም ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ላለው ጠያቂ መልሼዋለሁ፣ አንብበው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጡረታ ወጡ። አሁን ልጃቸው ልታገባ ነው። ቤተሰቡ ጥሪ ካርዱ ላይ «ኤመረተስ ፕሮፌሰር» ተብሎ ይጻፍ ብሏል፤ አንዱ የአክስቴ ልጅ «ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር ሁሉ እንደዚያ ነው የሚባለው» አለ። አጎቴ ዝም ብለዋል። ልክ ነው?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የአጎትሽን ዝምታ ወድጄዋለሁ። እሳቸው ያውቁታል።

የአክስትሽ ልጅ ሁለት ቦታ ስቷል። አንደኛ፣ በአገራችን መሰላሉ ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ፕሮፌሰር ነው፣ ሰው «ሙሉ ፕሮፌሰር» የሚለው የመጨረሻውን ነው። ይህቺ የመጨረሻዋ ደረጃ ቀላል አይደለችም። የታተመ ምርምር ይቆጠራል፣ ከውጭ ገምጋሚ ይፈለጋል፣ በሴኔት (በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳይ ሸንጎ) ታልፎ በዩኒቨርሲቲው ሥራ አመራር ቦርድ ይጸድቃል። ኤመረተስ ማለት ጡረታ ሲወጣ ማዕረጉን እንደያዘ እንዲቆይ በክብር የተፈቀደለት ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ እዚያ ደረጃ ደርሶ የወጣ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ለተባባሪ ፕሮፌሰርም የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የአጎትሽ ዩኒቨርሲቲ ደንብ ምን እንደሚል ራሳቸውን ብትጠይቂያቸው ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። በብዙ ቦታ ጡረታ ስለወጡ ብቻ ኤመረተስ አይኮንም። የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች «ይህን ሰው እንዳናጣው» ብለው ይነሣሉ፣ ያቀርቡታል። ስንት ዓመት አገለገለ፣ ምን ጻፈ፣ ስንት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ አበቃ ተብሎ ይታያል፣ ከዚያ ሴኔት ይወስናል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይለግሳል፣ አንዳንዱ ይቆነጥራል። እንዲያውም ነገሩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ የሄደበት ጊዜ አለ፤ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2013 በፈቃዳቸው ሲለቁ «ኤመረተስ» የሚለውን ይዘው ነው የወጡት።

ምን ያስገኛል ካልሽ፣ ደመወዝ እንዳትይ። አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቦታ ከተገኘ ጠረጴዛና ወንበር፣ የቤተ መጻሕፍት መግቢያ፣ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል፣ ድረ ገጹ ላይ ስም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪ ማማከር መቻሉ ነው። ምርምሩንም በዩኒቨርሲቲው ስም ያሳትማል። ባሕሩ ዘውዴን አስቢ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ኤመረተስ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ማዕረጉ የሚናገረው ቦታውን ቢለቁም ዕውቀታቸው ግቢ ውስጥ መሆኑን ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትቀላቅዪ፦ እኛ አገር 60 ሞልቶት በኮንትራት የሚቀጥል መምህር አለ። እሱ ተቀጥሮ፣ ተከፍሎት የሚሠራ ነው። ኤመረተስ አይደለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለፕሮፌሰሮች የግዴታ ጡረታን ስላስቀሩ እዚያ ሰውየው ራሱ «በቃኝ» ሲል ነው ጉዳዩ የሚነሣው።

ታዲያ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ? «ተባባሪ ፕሮፌሰር እከሌ» ትክክል ነው፣ ያገኙት ነውና ማንም አይነጥቃቸውም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን «መምህር» ብዬ እጽፍ ነበር። ደሴ ላይ መምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤት በዚችው ቃል ስንት ትውልድ አስተምሯል፣ ማንም አነሰች ሲል አልሰማሁም። ብቻ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አጎትሽን ጠይቂ። ስሙ የሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪ ነኝ። አንድ ውጭ አገር የሚኖሩ ሐኪም በቴሌቪዥን «የክብር ፕሮፌሰር» ተብለው ቀረቡ። ይህ ከክብር ዶክትሬት ጋር አንድ ነው? ከኤመረተስስ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሦስቱም ለየብቻ ናቸው። ኤመረተስ የቤቱ ሰው ነው፣ ኖሮበት የወጣ። የክብር ዶክትሬት ለእንግዳ የሚሰጥ ስጦታ ነው። የክብር ፕሮፌሰር ደግሞ በተለይ እንግሊዝ አገር ሥራ ያለበት ነገር ነው። ለምሳሌ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ስፔሻሊስት ደመወዙን ከሆስፒታሉ እየበላ የሕክምና ተማሪዎችን ያስተምራል፣ ምርምር ይሠራል፤ ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ስለማይከፍለው በማዕረግ ያመሰግነዋል። ብዙውን ጊዜ በጊዜ የተገደበ ነው፣ ለተወሰኑ ዓመታት ይሰጥና ይታደሳል፣ ካልሠራም ይቀራል። ስለዚህ ያየሃቸው ሐኪም ምናልባት ከማንም በላይ የሚለፉ ይሆናሉ። ሌላ ቦታ ግን ያው የክብር ፕሮፌሰር የሚባለው ለአንድ ቀን ንግግር ለመጣ እንግዳ የሚሰጥ ባዶ ስም ሊሆን ይችላል። ስሙን ሳይሆን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ደንብ ማየት ነው።

የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። የክብር ዲግሪ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፣ ይህ የቤቱ ሕግ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1949 ሲመጣ ግን ባዶ እጁን መሸኘቱ ከበዳቸውና «የክብር ሌክቸረር» አሉት። ቸርችልን ሌክቸረር!

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ዕድሜያቸውን ለመንዙማ የሰጡ አንድ ሼህ አሉ። ግጥማቸውን ያልያዘ ሰው የለም። ዘፋኙ፣ ሯጩ፣ ባለሀብቱ ሲሸለም እሳቸውን ማን አያቸው? ዩኒቨርሲቲው መጥቶ እንዲሸልማቸው የት አቤት ይባላል?
(ከደሴ ዙሪያ፣ አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ግን «መጥቶ እንዲሸልማቸው» ካሉ ብዙ ይጠብቃሉ። ዩኒቨርሲቲ አይመጣም፣ ሰው ነው የሚወስድለት።

እንዲህ ያድርጉ። አንድ ሁለት የተማሩ ወጣቶች ይያዙ። የሼሁን መንዙማ ይቅረጹ፣ ይጻፉ፣ መቼ እንደጀመሩ፣ ከማን እንደተማሩ፣ እነማንን እንዳስተማሩ ይመዝግቡ። ከሽማግሌዎች፣ ከመስጊዱ፣ ከባህል ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዙ። ከዚያ ከቋንቋ ወይም ከባህል ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ይፈልጉ፣ ነገሩን ውስጥ ሆኖ የሚገፋው እሱ ነው፤ ከውጭ የሚላክ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያንቀላፋል። ኮሚቴ ያየዋል፣ ሴኔት ይወስናል፣ የሚሰጠው ደግሞ በምረቃ ቀን ስለሆነ ዘንድሮ ለዘንድሮ አይደርስም። ለራሳቸው ለሼሁ አስቀድመው አይንገሩ፤ ባይሳካ ቅሬታው ለርስዎ ይተርፋል። ሌላው፣ ለሞተ ሰው የማይሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ስለሆኑ ቶሎ ነው። ማዕረጉ ቢቀር እንኳ የተቀረጸው መንዙማ ይቀራል። እኔ እንዲያውም የምሳሳለት ለሱ ነው።

«ባለሀብቱ ሲሸለም» ያሉት ደግሞ አዲስ አይደለም። በታሪክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያው የክብር ዲግሪ እ.ኤ.አ. በ1478 ወይም በ1479 ኦክስፎርድ የሰጠው ነው። ለማን? ላዮኔል ውድቪል ለሚባል ሰው፣ የንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ሚስት ወንድም። ይኸው፣ ከመጀመሪያውም ቤተ መንግሥት የቀረበ ነው የተሸለመው። ግን ያው ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር እዚያው የተማረች ሆና ሳለ «የትምህርት በጀት ቆርጠሻል» ብለው መምህራኑ በ738 ለ319 ድምፅ የክብር ዲግሪ ከልክለዋታል። በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን ኮሌጅ ከርሚት ለሚባል የቴሌቪዥን አሻንጉሊት እንቁራሪት የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። አዎ፣ እንቁራሪት። የርስዎ ሼህ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ አንዴ የተሰጠ ማዕረግ ይነጠቃል?
(ከደሴ)

መልስ፦ ይነጠቃል። ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለዚምባብዌው መሪ ለሮበርት ሙጋቤ እ.ኤ.አ. በ1984 የሰጠውን የክብር ዲግሪ በ2007 ነጥቋል። ሙጋቤ ተፈትነው ያገኟቸውን ዲግሪዎች ግን ማንም አልነካም፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤመረተስም አይምርም፦ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን ስለ ዘር በተናገረው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ኤመረተስነቱን ጨምሮ የክብር ማዕረጎቹን ገፎታል። የኖቤል ሽልማቱ ግን እጁ ላይ ቀረ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ከአንድ የውጭ «ዩኒቨርሲቲ» ኢሜይል መጣልኝ፣ ለክብር ዶክትሬት ተመርጫለሁ። ሥነ ሥርዓቱ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ለጋዋንና ለምዝገባ በዶላር ክፈል ይላል። ጓደኞቼ «እድል ነው» አሉኝ። ልክፈል?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አትክፈል። ደህና ዩኒቨርሲቲ የሚያከብረውን ሰው ራሱ ጋብዞ፣ ጋዋኑን አልብሶ፣ ምሳ አብልቶ ይሸኛል። ተሸላሚውን ሂሳብ አያስከፍልም። አንድ ነገር ብቻ አጣራ፦ ይህ ተቋም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚማር ተማሪ አለው ወይ? ግቢው የት ነው? በአገሩ መንግሥት ታውቆ ፈቃድ አለው? ድረ ገጹ ላይ የምታየው የተሸላሚ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ መምህር ከሌለ፣ የትምህርት ክፍል ከሌለ፣ ጉዳዩ ንግድ ነው። አገር ውስጥ ያለ ተቋም ከሆነ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው መሆኑን ጠይቅ።

ኢሜይሉን ደግሞ ልብ ብለህ አንብበው፤ ስምህን በትክክል ጽፈውታል? የሠራኸውን ሥራ አንዱን እንኳ ጠቅሰዋል? «ለኅብረተሰቡ ባበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ብቻ ከሆነ ያንኑ ደብዳቤ ጎረቤትህም ተቀብሎታል። ዶላሩን ለሠራተኞችህ ለበዓል ጨምርላቸው፣ ካልሆነም እቃ ግዛበት።