እንቁላሉን ረግጦ ገባ፤ ታዲያ ጎረቤት ለምን ይሸሸዋል?

ጥያቄ፦ በሰሜን ዩጋንዳ የጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች አፍነው የወሰዷቸው ልጆች ሲመለሱ እንቁላል ረግጠው ይቅር ይባላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ከዚያም በኋላ የሚገለሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ እንቁላል መርገጡ አቀባበል እንጂ ይቅርታ አይደለም። የአካባቢው ሕዝብ በሆኑት በአቾሊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ርቆ ለቆየ ሰው ሁሉ፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ይደረጋል። ደጃፍ ላይ ጥሬ እንቁላል፣ ለሳሙና የሚሆን የኦፖቦ ቅርንጫፍና የጎተራ መክፈቻ እንጨት ይቀመጣል። እንቁላሉ ንጽሕና፣ ቅርንጫፉ መታጠብ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ «ከዚህ ቤት እህል ትበላለህ» ማለት ነው።

ደም ካለ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ማቶ ኦፑት ይባላል። የገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል፣ ሽማግሌ ካሳ ይቆርጣል፣ ከተከፈለ በኋላ ሁለቱ ወገኖች መራራ ሥር የተበጠበጠበትን መጠጥ አብረው ይጠጣሉ። ጉማ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ታጣቂዎቹ ግን ልጆቹ መመለሻ እንዲያጡ ሆን ብለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ያስገድሏቸው ነበር፤ ሌላ ጊዜም ከማያውቁት አገር ወስደው ያስገድሏቸዋል። የሟቹን ጎሳ የማያውቅ ልጅ ካሳውን ለማን ይክፈል? ሌሊት ሲባንን ደግሞ ጎረቤት «ቼን ይዞታል» ይላል፤ የሟች መንፈስ ማለት ነው፤ ይተላለፋል ብሎም የራሱን ልጆች ያርቃል።

ከሁሉም የሚብሰው ታፍነው ከተወሰዱ ሴቶች ጫካ ውስጥ የተወለዱት ላይ ነው። መሬት የሚወረሰው በአባት ዘር ሲሆን አባትየው ወይ ሞቷል ወይ ስሙ አይነሳም። እናቲቱ ብታገባ ባልየው ልጁን አይፈልግም፣ ወንድሞቿም መሬት አይሰጡትም። አንዳንዶች የአባቱን ቤተሰብ አፈላልገው ያስተዋውቁታል፤ ለእናቲቱ መራራ ቢሆንም ለልጁ እርሻ የሚያስገኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳስ?

መልስ፦ ውሳኔው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከታጣቂዎቹ አዛዦች አንዱ በነበረው በዶሚኒክ ኦንግዌን ጉዳይ የተሰጠ ነው፤ እሱም በልጅነቱ የታፈነ ነበር። ለአንድ ተጎጂ 750 ዩሮ ሲሆን፣ ከጋራ ማገገሚያው ጋር በድምሩ ከ52 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ኦንግዌን የሚከፍለው ስለሌለው የተጎጂዎች ፈንድ ከለጋሾች ማሰባሰብ አለበት። ታፍነው ለተወሰዱት የሚደርሰው ኦንግዌን በነበረበት ሲኒያ በተባለው ብርጌድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2002 እስከ ታኅሣሥ 2005 ለተፈጸመባቸው ግፍ ነው፤ በፓጁሌ፣ ኦዴክ፣ ሉኮዲና አቦክ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ጥቃት የደረሰባቸውም ይካተታሉ። ስለዚህ ከአንድ ቤት ታፍነው በተለያየ ብርጌድ ከቆዩ ወንድማማቾች አንዱ ሊከፈለው፣ ሌላው ሊቀርበት ይችላል።