ቁጥሩን ሲቀንሱት ጥቅጥቅ የሚል ጥልፍ

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ገዛሁ። ሻጩ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ሰጠኝ፤ ማኑዋል ግን የለውም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የአንገት ጥልፍ ለልጅ ቀሚስ ብዬ ወደ 12 አሳነስኩት። ሸማው ተሸበሸበ፣ ክሩም ይበጠሳል። ከዚያ ራሴ ትንሽ አበባ ሠራሁና እንዲሳሳልኝ ‹ዴንሲቲ› የሚለውን ቁጥር ከ0.4 ወደ 0.25 ቀነስኩት። ጭራሽ ባሰበት። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ ማሽንሽ ደህና ነው። የጎደለሽ ሶፍትዌሩ ምን እያለ እንደሆነ የሚነግርሽ ጽሑፍ ነው።

ከአበባው ልጀምር። «ዴንሲቲ» ጥቅጥቅ ማለትን ነው የሚለካው፤ ቁጥሩን የቀነሰ ሰው ይሳሳል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን በብዙ የጥልፍ ሶፍትዌር ያ ቁጥር በአንዱ የክር መስመርና በሚቀጥለው መሀል ያለው ክፍተት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ስለዚህ ወደ 0.25 ስታወርጂው መስመሮቹን አጠጋጋሻቸው። በሌላ ሶፍትዌር ደግሞ እዚያው ቃል ስር የሚገባው የስፌት ብዛት ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ሲቀንስ በእርግጥም ይሳሳል። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ተቃራኒ። ሠሪዎቹ ከሳጥኑ አጠገብ አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጽፉ ያ ጨርቅ አይበላሽም ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለአሁኑ 0.45 አድርገሽ ሞክሪው።

የአንገቱ ጥልፍ ችግር ሌላ ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ እዪ። ዲ-ኤስ-ቲ የሚል ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ታጂማ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ የጥልፍ ማሽኖች የመጣ የፋይል ዓይነት ነው፤ ዛሬ ብዙ ማሽን ያነበዋል። ውስጡ ያለው መርፌው የት እንደሚወጋ፣ የት እንደሚዘል፣ ክር ለመቀየር የት እንደሚቆም ብቻ ነው። ቅጠል ይሁን አበባ አያውቅም። የክሩን ቀለም እንኳ አይዝም። 20ውን ወደ 12 ስታመጪው ወርዱም ቁመቱም 60 በመቶ ይሆናል፤ ጥልፉ የሚያርፍበት ቦታ ግን የመጀመሪያው 36 በመቶ ብቻ ነው። የመርፌው ውጊያ አንድም አልቀነሰም። ከሲሶ ትንሽ በሚበልጥ ቦታ ላይ ያንኑ ሁሉ ክር ማሽኑ ይሰገስገዋል። ሸማው ምን ያድርግ? 10 በመቶ ያህል ማሳነስ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ዲዛይኑ መጀመሪያ የተሠራበትን ዋናውን ፋይል ሻጩን ጠይቂው። ካጣሽው በ12 ሳንቲ ሜትር እንደ አዲስ ሥሪው።

ሻጩ ስልክ የሚያነሳልሽ ከሆነ በዚያው ሌላም ነገር ጠይቂው። አንድ ዲዛይን ከባዶ ጀምሮ ማሽኑ ላይ እስኪወርድ ይሥራልሽ፤ አንቺ በስልክሽ ቅረጪው። እጁን ሳይሆን ስክሪኑን ቅረጪ።

እኔ ደሴ ላይ ሥራውን ስጀምር ይህን የነገረኝ አልነበረም። አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ያመጡትን ነጠላ አበላሽቼባቸዋለሁ። ሸማኔ የለፋበት ነገር ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ደብተር ያዝኩ። በየገጹ የሞከርኩበትን ቁራጭ ጨርቅ እለጥፋለሁ፣ ከስሩ እጽፋለሁ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሳሳ ያለ ሸማ፣ ከስር ድርብ ማጠንከሪያ፣ መርፌ ቁጥር 75/11፣ ክር ቁጥር 40፣ ክፍተት 0.45፣ ፍጥነት በደቂቃ 600 ስፌት።» አንቺም እንዲሁ አድርጊ። በአንድ ሙከራ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሪ። ሁለት ከነካሽ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቂም።

ሶፍትዌር መቀየር ካሰብሽ ኢንክስቲችን እዪው። ነጻ ነው፤ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ይጫናል። እኔ የወደድኩት በዋጋው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሳጥን ምን እንደሚሠራ በድረ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ የመለማመጃ ትምህርቶችም አሉት። ያቺን ያሳሳተችሽን ቁጥር «በመስመሮች መሀል ያለ ርቀት» ብሎ ነው የሚጠራት። ከመስፋትሽ በፊትም ስፌቱ እንዴት እንደሚሄድ በስክሪን ያሳይሻል። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የሰፈር ተማሪ አጠገብሽ አስቀምጪና እያነበበልሽ በአማርኛ ደብተርሽ ላይ ገልብጪው። መብራት ሲጠፋም ታነቢዋለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ክሩ አሁንም ከተበጠሰ ጨርቁን ገልብጪና ወፈር ያለውን መስመር ከጀርባው እዪ። የታችኛው ክር መሀሉ ላይ ሲሶውን ያህል ይዞ መታየት አለበት። ከዚያ በጣም በልጦ ከታየ የላይኛው ክር ከሯል፤ ትንሽ ላላ አድርጊው። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ወደ ደሴ ስትመጪ ቁራጮቹን ይዘሽልኝ ነይ። የ0.25ቱንም እንዳትጥዪው፤ የደብተርሽ የመጀመሪያ ገጽ እሱ ነው።