ነሐሴ ላይ ቤት ልትሸጡ ለምትመጡ

ቲኬት የሚቆረጠው የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የምንኖር አብዛኞቻችን አዲስ አበባ የምንደርሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይ፣ እዚህ ዝናብ። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዘን እንመጣለን። የወላጆቻችንን ቤት ሸጠን ልንመለስ እናስባለን።

እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። 22 ዓመት ውጭ ኖሬ የእናቴን ቤት ልሸጥ ቀበና ስደርስ ሐምሌ ተጋምሷል። ቤቱ የተሸጠው ኅዳር ላይ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ምን በላው? ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቀለም ማስቀባት ነው። ቀለም ቀቢው "ዝናቡ ጋብ ቢል ይሻላል" አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት። ሳሎኑ ነጭ ሆኖ አማረ። በአሥረኛው ቀን ከመስኮቱ ሥር ቀለሙ አበጠ፤ ከዚያ ይላጥ ጀመር። በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ቤቱን ሊያዩ መጡ። ስለ ዋጋው ምንም አልጠየቁም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ትንሽ ቆዩ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ወጡ። አልተመለሱም።

ጥፋቱ የቀለሙ አልነበረም። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ይወርድ ነበር። ቤቱ ደግሞ የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ በላዩ ሲሚንቶ ተለስኗል። እርጥበት የያዘ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ውሃውን ውስጥ መቆለፍ ማለት ነው። መሀል ከተማ እንዲህ ያሉ ቤቶች ዛሬም አሉ። ብሎኬት ቢሆንም ታችኛው ግድግዳ ውሃ ይስባል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በቅድሚያ ጣራው፣ ቀጥሎ አሸንዳው፣ ከዚያ ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቀው ቦይ። ግድግዳው በደንብ ይድረቅ። ቀለም የመጨረሻው ነው። የጣራው ሥራ ግንቦት ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ ከባዱ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነውና። እናንተ እስክትመጡ አትጠብቁ። የምታምኑት ዘመድ ቆርቆሮው ላይ ሰው ያስወጣ። የሚስማሩ ጎማ ያለቀበትን ይቀይር። ፎቶ እያነሳ ይላክላችሁ። ይህ ብዙ ብር የሚያስወጣ ሥራ አይደለም። ካልተሠራ ግን ከቤቱ ዋጋ ላይ ብዙ ይቀንሳል።

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ፣ ጣራው ሳይጠገን ኮርኒሱን አትቀይሩ። ተጠግኖ ከሆነ ደግሞ ለገዢው በግልጽ ንገሩት። መቼ እንዳፈሰሰ፣ ማን እንደሠራው፣ ደረሰኙም ካለ አሳዩት። አዲስ አበቤ ገዢ ክረምት ላይ ቤት ሲያይ መጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ነው የሚያየው። የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ቀድማችሁ አስመጥጡ። ዝናብ ሲበረታ የሞላ ጉድጓድ ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባል።

ጣራው ደህና ከሆነስ? ያኔ ገዢውን ዝናብ ሲዘንብ ጥሩት። ከሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ቡና አፍሉለት። ወለሉ ደረቅ፣ ኮርኒሱ ንጹሕ ሆኖ ሲያየው ከእናንተ ምንም ቃል አይፈልግም። በበጋ የሚሸጥ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ካርታው፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው፣ አሁንም በአባት ወይም በእናት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋችኋል። ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ፍርድ ቤቶች የክረምት እረፍት ላይ ናቸው። አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው የሚታየው። የውርስ ፋይል ነሐሴ ላይ ለመክፈት የሚመጣ ሰው ጥቅምትን ይጠብቃል። እኔን ከጎዱኝ ነገሮች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። አንድ ሰው በስልክ ቢነግረኝ ኖሮ ፋይሉ በሚያዝያ ተከፍቶ ያልቅ ነበር።

ካርታው በስማችሁ ከሆነ ደግሞ እዚህ ላለ ሰው የሰጣችሁትን ውክልና አንብቡት። ቤት የማስተዳደርና የማከራየት ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ባለትዳር ከሆናችሁና ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ የባለቤታችሁ ስምምነትም ግድ ነው። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ላይ የተሰጠው ውክልና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው ሰነድ ወደሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት፣ ውልና ማስረጃ፣ የሚሄደው። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ስለዚህ የአረጋዊ ወላጅን ውክልና ይዛችሁ ለዓመታት አታቆዩት።

የሌላ አገር ዜግነት የያዛችሁ፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ የሚሰጣችሁን መብት የምትጠቀሙት በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ በቢጫ ካርዱ፣ ነው። ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አሳድሱት።

የጣራና ግድግዳ ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኝ በየዓመቱ ተሟልቶ ይፈለጋል። የጎደለ ዓመት ካለ ቀድማችሁ ክፈሉ። ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑም ይጣራል። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ግብር ከፋዩ ሁሉ ወረዳው ላይ ይሰለፋል፤ ያን ሳምንት ጉዳይ ይዛችሁ አትሂዱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከቤት ሽያጭ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ሕጉ ከዚያ በኋላ ስለተሻሻለ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የእናንተን ስሌት ከገቢዎች ጠይቁ። ግብሩን ማን ይከፍላል የሚለውም በቃል አይቀመጥ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ የምትሸጡት ቤቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መሠረት ደግሞ ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ቦታው ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ይያዛል ማለት ነው። ገዢው ይህን ያውቃል፤ አስልቶ ነው የሚመጣው። እናንተም አስልታችሁ ጠብቁት።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ዛሬ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ "ልማት ይነካዋል ወይ?" ፒያሳና ካዛንችስ ለልማት ሲፈርሱ ሁሉም አይቷል። በግምት አትመልሱ። ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ላይ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም ለገዢው እንዳለ ንገሩት። ከኋላ የተሠራው ሰርቪስ ቤት ካርታው ላይ ከሌለ እሱንም አትደብቁ።

ተከራይ ካለ ውሉን ተመልከቱ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ስትመጡ ሳምንት ሰጥታችሁ ልታስወጡ አትችሉም፤ ደግሞም ነውር ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ በነሐሴ ዝናብ የት ይሄዳል? ቀድማችሁ በስልክ አነጋግሯቸው።

ደላላ ያስፈልጋችኋል። የሠፈሩን ደላላ ያዙ፤ ኮሚሽኑን በግልጽ ተነጋገሩ። የካርታውን ዋና ቅጂ ግን ለማንም አትስጡ። ቀብድ ለመቀበልም አትቸኩሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ሰው እጥፍ ይመልሳል። "ነገ በረራ አለብኝ" የሚለውንም ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። ያን የሰማ ገዢ ዋጋ ይሰብራል። እኔ ተናግሬዋለሁ፤ በማግስቱ የቀረበልኝ ዋጋ ቀድሞ ከነበረው በጣም ያነሰ ነበር።

ውሉን የምትፈርሙት ውልና ማስረጃ ነው፤ ክፍያውንም በሲፒኦ፣ ባንክ በሚያወጣው የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ ተቀበሉ። ሲፒኦውን ከፊርማው በፊት ባወጣው ባንክ አጣሩ። ቁልፍ ስታስረክቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ከገዢው ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱት። የቆጣሪዎቹ ስም እስኪዞርም የሚከታተል ሰው እዚህ ተዉ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ለአምስት ወር የውሃ ሂሳቡ በእናቴ ስም ይመጣ ነበር።