የሕፃን አልጋው ይቆይ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ አባት ለምትሆን ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄህን ላላነበቡት ባጭሩ፦ ባለቤትህ 5 ወሯ ነው፣ የመጀመሪያ ልጃችሁ ነው፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ፣ የሁለታችሁም ቤተሰብ ክፍለ ሀገር ነው። ያጠራቀምኩትን ብር የሕፃን አልጋና ጋሪ ልግዛበት ወይስ የሚቀድም ነገር አለ ብለሃል። አለ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ወራት እናቱ አጠገብ ነው የሚተኛው፤ ጋሪም ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሸክም ነው። የአንተ ትልቁ ሥራ በሌሊትና በድንጋጤ ሰዓት የሚወሰነውን ነገር ሁሉ አሁን፣ ተረጋግታችሁ ሳላችሁ፣ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ መጨረስ ነው።

መጀመሪያ የመውለጃ ቀኗን በትክክል እወቅ። የአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጆች ነው፣ ካርዷ ላይ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ፈቃድ የምትጠይቅበትም እናቷን የምታስመጣበትም ጊዜ ይዛባል። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። የመጨረሻው የወር አበባዋ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ደምር፤ መሃል ላይ ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ጥቅምት 10 የጀመረ ሐምሌ 20 ይመጣል፤ ጥር 10 የጀመረ ጥቅምት 15። የአልትራሳውንዱ ቀን ከዚህ ብዙ ከራቀ ሐኪሟ የትኛውን እንደያዙ ጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የታየ አልትራሳውንድ ለቀን ቆጠራ አስተማማኝ ነው፤ በ8ኛው ወር የታየው ለዚህ ብዙም አይረዳም። ደግሞም ከ37 እስከ 42 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በየትኛውም ቀን ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ 36 ሳምንት ሲሞላ ሁሉም ነገር ዝግጁ ይሁን፤ 41 ካለፈ ደግሞ ምጥ እስኪመጣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ መታየት አለባት።

ቀጥለህ የክትትል ካርዷን አውጥተህ የደም ዓይነቷን አንብብ። አር ኤች ፖዘቲቭ (ከደም ዓይነቷ ጎን + ያለበት፤ − ያለበት ኔጌቲቭ ነው) ከሆነች ይህን አንቀጽ እለፈው። ኔጌቲቭ ከሆነች ግን ዛሬውኑ ሥራ አለህ። አንተ ፖዘቲቭ ከሆንክና ልጁም ያንተን ከወረሰ፣ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ደም ወደ እናቱ ደም ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት የሚዋጋው መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይወለዳል፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በሚቀጥለው ልጅ ላይ ነው። ብዙ የመጀመሪያ ወላጆች ነገሩን ችላ የሚሉትም ልጃቸውን ጤነኛ ሆኖ ስለሚያዩት ነው። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፦ አንድ ጊዜ በ28 ሳምንት፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ። በመሃል ደም ከፈሰሳት ወይም ሆዷን ከተመታች ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፣ ያኔም ሊሰጣት ይችላልና። በየፋርማሲው የሚገኝ መድኃኒት አይደለም፤ በወለደች ማግስት ከተማውን መዞር እንዳይመጣ አስቀድመህ የት እንዳለ አጣራ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ከፍሪጅ ሲወጣ እይ፣ በበረዶ መያዣ ይዘህ ሂድ፣ በረዶው ግን ብልቃጡን በቀጥታ አይንካው፤ መድኃኒቱ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። የአንተም የደም ዓይነት ይመርመር። ሁለታችሁም ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ለሐኪሟ ንገሩ፣ መርፌው ላያስፈልግ ይችላል።

በየክትትሉ ቀን የደም ግፊቷን ቁጥር ጠይቀህ ስልክህ ላይ ጻፍ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስም እንደዚያው። በክትትሉ የሚሰጣትን አይረን (የብረት እንክብል) ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስደው፤ ቡናው ብረቱን ሰውነቷ እንዳይወስደው ያደርጋል፣ ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዛል። ሰገራዋ ቢጠቁር ከእንክብሉ ነው፣ በዚህ ደንግጣ እንዳታቆመው። ጾም የምትጾም ከሆነ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር አድርግ።

አሁን ወደ ብሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ክትትሉና ወሊዱ በነፃ ነው፤ የጎደለ መድኃኒት ወይም ዕቃ ግን ከውጭ ግዛ ልትባል ትችላለህና ጥሬ ብር ያዝ። ሌሊት ኔትወርክ ሲቋረጥ በቴሌብር ብቻ የተማመነ ሰው ይቸገራል። ጤና ጣቢያ ከመረጣችሁ፣ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ወደ የትኛው ሆስፒታል ሪፈር እንደሚያደርጉ ጠይቀህ ቦታውን አንድ ቀን ሄደህ እየው። የግል ከሆነ የሚነግሩህ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ለሚያልቅ ወሊድ ነው። ኦፕራሲዮን ቢሆን ስንት ነው? ሰመመኑ ውስጡ አለ? ሕፃኑ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቢገባ የቀኑ ስንት፣ ማስያዣውስ? ይህን በጽሑፍ ተቀበል። እቁብ ካለህ ዕጣው ለመውለጃዋ ወር እንዲሆንልህ ከአሁኑ ሰብሳቢውን አነጋግር፤ ለዚህ ጉዳይ እምቢ የሚል እቁብተኛ ብዙ የለም።

ኦፕራሲዮን ይደረግ ቢባል ምን እንደምትሉ ሁለታችሁ አሁን ተወያዩ። ውሳኔው በመጀመሪያ የእሷ ነው፤ ነገር ግን «ቤተሰብ ይጠየቅ» እየተባለ ስልክ ሲደወል የሚባክነው ሰዓት ሕይወት ያሳጣል። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ሦስት ጓደኞችህንም አስቀድመህ ጠይቅ።

ለምጡ ሌሊት ሦስት መኪና ይኑርህ፦ የጎረቤት፣ ስልኩን የያዝከው የላዳ ወይም የራይድ ሾፌር፣ እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907። ለጥበቃው ዘብ ቀኑን ንገረው፣ በሩ በሌሊት ቶሎ እንዲከፈት። ምጡን የምትቆጥረው ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ነው። በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ እንዲህ ሆኖ 1 ሰዓት ከዘለቀ ተነሡ፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ከዚያም ቀድማችሁ። ስታርፍ ወይም ስትራመድ የሚተዋት ከሆነ ገና ነው። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን ምጥ ባይኖርም ይኬዳል፤ ቀለሙን እይ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ሳለ ተጸዳድቷል ማለት ነውና እንደደረሳችሁ ተናገር። የመጀመሪያ ምጥ ረጅም ነው፣ ከ12 ሰዓት በላይ ቢሄድ አይግረምህ። ወገቧን በመዳፍህ ጠበቅ አድርገህ እሽ፣ ውሃ አጠጣት፣ ሽንቷን እንድትሸና አስታውሳት፤ የሞላ ፊኛ የሕፃኑን መውረድ ያጓትታል።

ቦርሳው ብዙ አይደለም፦ ካርዷ፣ መታወቂያ፣ ሞዴስ፣ ፒጃማ፣ ነጠላና ጋቢ፣ ለሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ዳይፐር፣ የስልክ ቻርጀር፣ አጥሚት የሚያዝበት ፔርሙዝ። የጣሳ ወተት አትግዛ፤ ቤት ውስጥ ካለ በመጀመሪያዋ ለቅሶ መከፈቱ አይቀርም።

ከወለደች በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት አትራቅ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ከራሰ፣ ወይም ራሷን ካዞራት፣ ሐኪም ጥራ። «የወለደች ሴት ትደማለች» በሚል ዝም የሚባለው ደም ነው ብዙ እናቶችን የሚወስደው። ሕፃኑ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ጡት ይያዝ። ቢጫው እንገር ይጠባ እንጂ አይታለብና አይጣል፤ የመጀመሪያ ክትባቱ እሱ ነው። እስከ 6 ወር ቅቤም፣ የስኳር ውሃም፣ አብሽም የለም። አክስቶችና ጎረቤቶች ሲመጡ ይህን የሚናገረው አንተ ሁን፤ አራሷ ከእንግዳ ጋር መከራከር የለባትም። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የሚሉ ካሉም መልሱ አይሆንም ነው።

ሕፃኑን ከ24 ሰዓት በፊት አታሳጥቡት፣ ይበርደዋል። እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባም። ጤና ተቋሙ ክሎርሄክሲዲን ጄል ከሰጣችሁ ባዘዙት መሠረት ለእትብት ብቻ ነው፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፤ ለሕፃኑ የዓይን ቅባት ከተሰጣችሁ ከእሱ ለይተህ አስቀምጠው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ከሰል። አራስ ቤት እንዳይበርድ ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ምድጃ ይቀመጣል፣ ቡናው እዚያው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ። ኮንዶሚኒየም ክፍል ደግሞ ጠባብና ድፍን ነው። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ሕፃኑ የሚሞቀው በኮፍያ፣ በብርድ ልብስና በእናቱ ገላ ነው። ልጁን ራቁት ደረትህ ላይ አድርገህ ጋቢ ብትደርብበት አንተም ታሞቀዋለህ፣ እሷም ትተኛለች።

ቤት ውስጥ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይኑር። 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች፣ አልጠባም ማለት፣ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ (ሙሉ ደቂቃ ቁጠር፣ የሕፃን ትንፋሽ አንዳንዴ ይቆራረጣል)፣ የእጅና የእግር መዳፍ ቢጫ መሆን፣ መንዘፍዘፍ፣ እነዚህ በዚያው ሰዓት የሚያስኬዱ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የታየ ቢጫነትም ፀሐይ በማሞቅ አይታከምም። ጡት ይበቃው እንደሆነ የምታውቀው በሽንቱ ነው፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ደህና ነው። እናቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መከፋት ያለ ነው፤ 2 ሳምንት ካለፈውና እየባሰ ከሄደ ግን ሐኪም ጋር ውሰዳት። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካወራች አንድ ቀንም አትጠብቅ።

ስለ ፈቃድ፦ የግል መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ከሆንክ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለህ የአባትነት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። አይበቃም። የዓመት ፈቃድህን ከአሁኑ አትንካው፤ መቼ እንደምትወስደው ጻፍና ለአለቃህ አሳውቅ። እናቷ ከመጡ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ሳምንት ላይ አትደራረቡ፤ አንተ የመጀመሪያውን ሳምንት ያዝ፣ ቀሪውን ቀን እሳቸው ሲመለሱ ተጠቀምበት። ከጤና ተቋሙ ስትወጡ የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትይዝ አትሂድ፤ ስሞቹ ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ ፊደል ሳይለያዩ መጻፋቸውን እዚያው ቆመህ አረጋግጥ። በ90 ቀን ውስጥ በምትኖሩበት ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ልደቱን ታስመዘግባላችሁ። 6ኛው ሳምንት ላይ ልጁን ለክትባት፣ እሷን ለምርመራ ይዘህ ስትሄድ ወረቀቱን ይዘህ ውጣና በዚያው ጨርሰው።