ባንኩ 30 ቀን ሰጥቶኛል፤ እግድ ላውጣ ወይስ ልበደር?

ጥያቄ፦ መቂ ላይ መሬት ተከራይቼ ሽንኩርት አመርታለሁ። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለውኃ ፓምፕ ከባንክ ተበደርኩ። መያዣው ከተማ ያለው ቤታችን ነው። ሽንኩርቱ የደረሰው ዋጋው አፈር ድሜ በበላበት ሰሞን ነበር፤ የለቃሚ እንኳ አልሸፈነም። ሁለተኛ ዙር ችግኝ አሁን ማሳው ላይ አለ። ባንኩ ግን በ30 ቀን ካልከፈልኩ ቤቱን እንደሚሸጥ ጽፎልኛል። አንድ ሰው በወር 10 በመቶ ሊያበድረኝ ይፈልጋል። ፍርድ ቤት ሄጄ እግድ ላውጣ ወይስ ከሱ ልበደር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእግዱ ብዙ አይመኩ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97፣ በውሉ ከተስማማችሁ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግን ግዴታው ነው። ሥርዓቱን ጥሶ ከጎዳዎ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ችግሩ፣ ካሳው የሚመጣው ቤቱ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ ነው።

ጉልበትዎን ድርድሩ ላይ ያውሉት። እኔ ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ደንበኛ መጥቶ «እግዜር ያውቃል፣ እከፍላለሁ» ሲለኝ ፋይሉ ላይ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን ለኮሚቴ የማቀርበው አገኛለሁ። ስለዚህ ማመልከቻ ይጻፉ። ስንት ሄክታር እንደተከሉ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስና ዛሬ ምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ ይግለጹ። የመሬት ኪራይ ውሉንና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የችግኙን ማስረጃ ያያይዙ። የክፍያ ጊዜው ይራዘም፣ ክፍያውም ወር በወር ሳይሆን ምርት ሲሰበሰብ ይሁን ይበሉ። የቅጣት ወለዱ እንዲነሳልዎም ይጠይቁ፤ እምቢ ቢሉ የሚጎድልብዎ የለም። ደግሞ አደራ፣ ማመልከቻውን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ጥለው እንዳይወጡ። መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ይቀበሉ።

ካልተሳካ፣ በባንኩ ፈቃድ ራስዎ ገዢ ፈልገው ቤቱን ይሽጡ። ጨረታ ላይ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይረክሳል። ከዕዳው የተረፈው የእርስዎ ነው፤ ካልበቃም ቀሪው ዕዳ ይከተልዎታል።

ከዚያ ሰውዬ ግን ይራቁ። በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። አራጣ ማበደርም ወንጀል ነው። ታዲያ አራጣ አበዳሪ መቼ «10 በመቶ» ብሎ ይጽፋል? የሚያስፈርምዎ የቤት ሽያጭ ውል ወይም ቼክ ነው። ቼኩ ስንቅ ከሌለው፣ ማለትም ሒሳብዎ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ ደግሞ ከሳሹ እሱ፣ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ።